«ስደት ላይ ያሉትን አስብ» ካልን በኋላ፦ ለፓኪስታን ክርስቲያኖች እንዴት እንጸልይ፣ እንዴትስ እንርዳ?

በየጸሎት ፕሮግራሙ ማብቂያ ላይ አንድ ሰው ይነሳና «ጌታ ሆይ፣ በየአገሩ ስለ ስምህ የሚሰደዱትን አስብ» ይላል። አሜን እንላለን። ከዚያ ማስታወቂያ ይነበባል። እኔም ለብዙ ዓመት የምጸልየው እንደዚያ ነበር። ጸሎቱ ስህተት የለበትም። ግን ለማን ጸለይሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማስበው አንድ ፊት፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ስም አልነበረኝም።

ይሄ የተለወጠው ዱባይ በሰው ቤት ስሠራ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ዓርብ እወጣ ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉበት ግቢ ውስጥ ሁሉም በየቋንቋው ያመልካል፤ ሐበሻው፣ ፊሊፒኖው፣ ሕንዱ። ከእኛ አጠገብ ያሉት ፓኪስታኖች ነበሩ። ከበሮ እየመቱ፣ እያጨበጨቡ የሚዘምሩት ነገር ልቤን ስለያዘው አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ዛቡር» አለችኝ። ዳዊት ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት መዝሙረ ዳዊት በፓንጃቢ ግጥም ተተርጉሞላቸው በአገራቸው ዜማ ይዘምሩታል፤ ማንበብ የማይችለውም በቃሉ ይዞታል። እኛ ቤት አያቴ ዳዊት ሳትደግም እህል አትቀምስም ነበር። እዚያው የግቢው ጥላ ስር ቁጭ ብለን ስለ ቤተሰቦቿ አወራችኝ። ስሟን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ወደ ታች ታያላችሁ።

ከዚያ ወዲህ የምጸልይበት መንገድ ተቀየረ። የጸሎት ጓደኞቼም እንዴት እንደምናደርገው እየጠየቁኝ ስለሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው። «በኛ» ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹም ወርና ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. አንድ አገር ያዙ

እስያ ሰፊ ናት። ሰሜን ኮሪያ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ መያዝ ያሳስራል። ቻይና ውስጥ የቼንግዱው መጋቢ ዋንግ ዪ በ2018 ታስሮ፣ በ2019 መጨረሻ የ9 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሕንድ ማኒፑር ውስጥ ከግንቦት 2023 ጀምሮ በተነሳው የብሔር ግጭት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ስሪላንካ በ2019 የፋሲካ እሁድ ከ260 በላይ ሰው ቀብራለች። ኢራቅ ውስጥ በ2014 የሞሱል ክርስቲያኖች ቤታቸው ላይ «ናዝራዊ» (ክርስቲያን) ለማለት የዓረብኛው «ነ» ፊደል እየተቀባ ከተማቸውን ለቀው ወጥተዋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ልጸልይ ካላችሁ ወይ ትደክማላችሁ ወይ ዝርዝር ታነባላችሁ። አንድ አገር ምረጡና ቢያንስ አንድ ዓመት ያዙት። ሌላውን ረሳችሁ ማለት አይደለም፤ ሌላው ሌላውን ይይዛል። የጸሎት ቡድናችሁ ውስጥ ስድስት ሰው ካለ ስድስት አገር ተያዘ ማለት ነው። እኔ የያዝኩት ፓኪስታንን ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በፓኪስታን ምሳሌ ነው። ለሌላውም አገር መንገዱ ያው ነው።

2. ከመጸለያችሁ በፊት ሕዝቡን እወቁ

ይሄን እርምጃ አትዝለሉት። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው፤ ጸሎቱም ባዶ የሚሆንበት በዚያ ምክንያት ነው።

የፓኪስታን ክርስቲያኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከአገሩ ሕዝብ ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። አብዛኞቹ ያሉት ፓንጃብ ክፍለ አገር ነው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በሕንድ የዘር ክፍፍል ከታች የተጣሉ፣ «አይነኬ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ክርስትናን የተቀበሉትም መንደር ሙሉ እየሆኑ ነው። ስለዚህ ዛሬም ስድቡ ድርብ ነው፤ በእምነታቸውም በዘራቸውም። ብዙዎቹ የቤተሰብ ስማቸው «ማሲህ» ነው፤ መሲሕ ማለት። ስሙን የሰማ ሁሉ ማንነታቸውን ወዲያው ያውቃል። በየከተማው መንገድ የሚጠርጉት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ያለ መከላከያ የሚገቡት በብዛት እነሱ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ ባለ ጋዝ ታፍነው የሞቱ አሉ። የዚያች የዱባይ እህት አባትም ሥራው ይሄው ነበር።

ሌሎቹ ጡብ ማቃጠያ ውስጥ ናቸው። አባት ለሕክምና ወይም ለሰርግ ከባለቤቱ ይበደራል። ከዚያ ሚስትም ልጆችም ዕዳውን ለመክፈል ጭቃ ሲያቦኩ ይውላሉ፤ ዕዳው ግን አያልቅም፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በ1992 የወጣ ሕግ ይህን ቢከለክልም እስካሁን አለ።

ከዚህ ላይ የስድብ ሕጉ ይመጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 295 ሐ በ1986 የተጨመረ ሲሆን ነቢዩን ሰደበ የተባለ ሰው በሞት ይቀጣል ይላል። በዚህ አንቀጽ መንግሥት እስካሁን የገደለው ሰው የለም። ግን ክስ ራሱ በቂ ነው። በመሬት የተጣላ ጎረቤት፣ በብድር የተጣላ ሰው «ሰደበ» ካለ መንደሩ ይነዳል። ነሐሴ 16 ቀን 2023 ጃራንዋላ በምትባል ከተማ ሁለት ክርስቲያን ወንድማማቾች ተከሰው፣ በአንድ ቀን ከ20 በላይ አብያተ ክርስቲያናትና ብዙ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሰዉ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ተደብቆ አደረ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በዚህ ሕግ ከተከሰሱት የሚበዙት ሙስሊሞች ናቸው። ይህን አለማወቅ ጸሎታችንን ያጣምመዋል።

የአሲያ ቢቢን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2009 እርሻ ላይ ፍሬ ስትለቅም ውሃ ቀድታ ጠጣች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች «ክርስቲያን የነካችውን ዕቃ አንጠጣበትም» አሉ። ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ክስ፣ በ2010 የሞት ፍርድ። ለእሷ የተናገረው የፓንጃብ ገዢ ሳልማን ታሲር፣ ሙስሊም ነው፣ በጥር 2011 በገዛ ጠባቂው ተገደለ። ከሁለት ወር በኋላ በፌዴራሉ ካቢኔ ውስጥ ብቸኛው ክርስቲያን ሚኒስትር ሻህባዝ ባቲ ተገደለ። እሷን ነፃ ያወጣው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ በጥቅምት 2018። ከዘጠኝ ዓመት በላይ! ጠበቃዋም ሙስሊም ነበር፤ ለሕይወቱ ፈርቶ ለጊዜው ከአገር ወጣ። እሷም በ2019 ወደ ካናዳ ሄደች። ነፃ ተብላም አገሯ መኖር አልቻለችም።

3. ወሬውን ከየት ታገኛላችሁ?

ከቴሌግራም ቻናል አይደለም። «100 ክርስቲያኖች ነገ ሊሰቀሉ ነው፣ በፍጥነት አሰራጩ» የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ ይዞራል፤ ስም የለው፣ ቦታ የለው፣ ቀን የለው። እንደዚህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ አታስተላልፉ። ሐሰት ላይ ተንበርክኮ ማልቀስ እውነተኞቹን እስረኞች ይጎዳል፤ ቀጥሎ እውነቱ ሲመጣ ሰው አያምንም።

ኦፕን ዶርስ የሚባለው የክርስቲያን ድርጅት በየዓመቱ ጥር ወር ላይ ክርስቲያኖች በብርቱ የሚሰደዱባቸውን 50 አገሮች ዝርዝር ያወጣል። የካቶሊኮቹ የእርዳታ ድርጅት «ኤይድ ቱ ዘ ቸርች ኢን ኒድ»ም አለ። ዳውን የሚባለው የፓኪስታን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ደግሞ በድረ ገጽ ይነበባል፤ የፍርድ ቤት ዜና ከሥሩ ለማግኘት ጥሩ ነው። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ ልጆቻችሁን ወይም የስልካችሁን ተርጓሚ ተጠቀሙ። በሳምንት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አንድ ደብተር ግዙና ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ የጸሎት ርዕስ ጻፉበት። መልስ ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

4. አሁን ጸልዩ

ሐዋርያው ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ጸልዩልኝ ያለው «እንድፈታ» ብሎ አይደለም። አፉን በድፍረት እንዲከፍት ነው የለመነው። የዕብራውያን መልእክትም 13፥3 ላይ ከእነሱ ጋር እንደታሰራችሁ ሆናችሁ አስቧቸው ይላል። ይሄ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ሥራ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ከዚያ አንድ ሰው እመርጣለሁና ቀኑን ከጠዋት ጀምሬ እከተለዋለሁ፦ አሁን ምን ይሠራል? ማን ያየዋል? ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ ምን ብሎ ነው የሚያስጠነቅቀው? ስንት ሰዓት ላይ ይፈራል? ጸሎቱ ከዚያ ራሱ ይመጣል።

ሳምንቱን መከፋፈልም ይረዳል። ሰኞ ለታሰሩት እጸልያለሁ፤ ማክሰኞ ለጠበቆችና ለዳኞች፣ ምክንያቱም ዳኛው ከፈራ ፋይሉ ዓመት ሙሉ ይቀጠራል። ረቡዕ ለሴት ልጆች ነው። ገና በአሥራ ምናምን ዓመታቸው ተጠልፈው፣ «እምነቷን ቀይራ በፈቃዷ አገባች» የሚል ወረቀት የሚወጣባቸው አሉ፤ ወላጅ ዕድሜዋን ለማስረዳት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይንከራተታል። እንደ እኛ የጠለፋን ነገር የሚያውቅ ሕዝብ ይሄን ጸሎት ማብራሪያ ሳይፈልግ ይጸልየዋል። ሐሙስ የጡብና የፍሳሽ ሠራተኞች ቀን ነው። ዓርብ ለመስጊድ ኢማሞች እጸልያለሁ። ጃራንዋላ ላይ ሕዝቡን የጠራው የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ያው ድምፅ ማጉያ ሕዝብን ሊያረጋጋም ይችላል። ቅዳሜ ለከሳሾች። ይሄኛው ከሁሉም ይከብደኛል፣ አንዳንድ ቅዳሜ ቃል አይወጣኝም፤ አባታችን ሆይ ብዬ እነሳለሁ።

እሁድ ደግሞ ለአምልኮው። ፓኪስታን ከእኛ በሁለት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እነሱ ጋ አምስት ሰዓት ነው። በየበሩ የሚፈትሹ ወጣቶች ይቆማሉ። መጋቢት 15 ቀን 2015 ላሆር ዮሐናባድ በሚባል ሰፈር፣ አካሽ ባሺር የሚባል የ20 ዓመት ልጅ በቅዱስ ዮሐንስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ነበር። ፈንጂ የታጠቀ ሰው ሊገባ ሲል ያዘው። አብረው ሞቱ፤ ውስጥ የነበሩት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተረፉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2022 «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ብላዋለች፣ ወደ ቅድስና የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የኛን በር የሚጠብቀውን ልጅ እሁድ ጠዋት ሳየው አካሽን አስታውሳለሁ።

የዚያን ቀን ሌላም ነገር ሆኗል። የተቆጡ ክርስቲያኖች ከፍንዳታው ጋር ንክኪ አላቸው ብለው የጠረጠሯቸውን ሁለት ሰዎች ደብድበው ገደሉ። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። «ጠብቃቸው» ብቻ ብለን ከጸለይን ግማሹን ነው የጸለይነው። ከበቀልም ጠብቃቸው በሉ።

ቃል ካጣችሁ ዳዊት አለላችሁ። መዝሙር 46ን፣ በግዕዙ ቁጥር 45ን፣ «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» የሚለውን በአማርኛም በግዕዝም ድገሙት፤ እነሱ ያንኑ በፓንጃቢ እየዘመሩት ነው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ረቡዕና ዓርብ ጾም አላችሁ፣ ጾሙን በስማቸው ያዙት። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ በአዳር ጸሎቱ አንድ ሰዓት ጠይቁ።

5. ገንዘብ

እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። ሜሴንጀር ላይ «እኔ የፓኪስታን ፓስተር ነኝ፣ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት አለኝ» የሚል መልእክት ያልደረሰው ያገሬ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ልጆች ተሰልፈው የእናንተን ስም በወረቀት ይዘው የተነሱት ፎቶ ይላካል። አንጀት ይበላል። እኔም አንዴ ልኬያለሁ፤ የላክሁት የሁለት ወር ቁጠባዬን ነው። በኋላ ያው ፎቶ በሌላ ሰው ስም ደረሰኝ። አንዳንዱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን እናንተ ስልክ ላይ ሆናችሁ መለየት አትችሉም። ስለዚህ መልሱ አንድ ነው፦ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነህ? ጳጳስህ ወይም ሰብሳቢህ ማነው? እሱን እናናግረው። ፓኪስታን ውስጥ የታወቁ ቤተ እምነቶች አሉ። ካቶሊኩ አለ፣ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አንግሊካኑና ሜቶዲስቱ ከሌሎች ጋር ተዋሕደው በ1970 የመሠረቱት የፓኪስታን ቤተ ክርስቲያንም አለ። እውነተኛ አገልጋይ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ውጭ አገር ያላችሁ በሕግ የተመዘገበ፣ ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርቱን በይፋ የሚያወጣ ድርጅት ምረጡና ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትቆረጥ አድርጉት። የፍርድ ቤት ጉዳይ እንደ አሲያ ዘጠኝ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዴ ተዋጥቶ የሚቀር ገንዘብ ጠበቃ አያቆምም። ድርጅቱን ሁለት ነገር ጠይቁት። ከጡብ ማቃጠያ ዕዳ ቤተሰብ ታስፈታላችሁ ካለ፣ ከዚያ በኋላ ሥራና መኖሪያው ምንድን ነው? ይሄ ካልታሰበበት ቤተሰቡ በዓመቱ ተመልሶ ይበደራል። ሁለተኛው፣ የተጠለፉ ልጆችን ፊት ለልመና የሚያሳይ ከሆነ ለምን? አጥጋቢ መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን የውጭ ምንዛሪ ነገር ቀላል አይደለም። ከቤተ እምነታችሁ ዋና ቢሮ ጋር ተነጋገሩ፤ ከውጭ አቻ ቤተ ክርስቲያናት ጋር ግንኙነት ያላቸው አሉ። ካልሆነም ውጭ ያለ ዘመድ እንደ ዕድር ሰብሳቢ ሆኖ ሊይዝላችሁ ይችላል። እጅ ባዶ ከሆነም አትሸማቀቁ፤ ቀጣዩ እርምጃ ገንዘብ አይፈልግም።

6. ድምፅ

አውሮፓ ላላችሁ ልንገራችሁ። ፓኪስታን ከ2014 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት በቅናሽ ቀረጥ ዕቃ የምታስገባበት ልዩ የንግድ ዕድል አላት፤ ዕድሉም ከሰብዓዊ መብት ጋር የተያያዘ ነው። በሚያዝያ 2021 የአውሮፓ ፓርላማ በስድብ ክስ ሞት የተፈረደባቸውን ክርስቲያን ባልና ሚስት ጉዳይ አንስቶ ይህ የንግድ ዕድል እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። በሰኔ 2021 የላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለቱን ነፃ አላቸው። አንዱ ሌላውን አመጣው አልልም። ግን የፓርላማ አባላችሁ ከአንድ ሐበሻ መራጭ ደብዳቤ ቢደርሰው ያነበዋል። አጭር ይሁን፤ የሰው ስም፣ የክሱ ዓይነት፣ የምትጠይቁት አንድ ነገር። አሜሪካ ያላችሁም ለኮንግረስ ተወካያችሁ እንዲሁ።

ካናዳ ያላችሁ ደግሞ ስፖንሰር ማድረግን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ ስንቱ ዘመዳችን በዚያ መጥቷል። ከፓኪስታን የሸሹ ክርስቲያን ቤተሰቦች ባንኮክ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠዋል፤ ታይላንድ የስደተኞችን ስምምነት ስላልፈረመች ሲገኙ የሚታሰሩት እንደ ሕገ ወጥ ነው። ቤተ ክርስቲያናችሁ የስፖንሰርሺፕ ስምምነት ካላት ጠይቁ። ፕሮግራሙ አንዳንዴ ለአዲስ ማመልከቻ ስለሚዘጋ አሁን ያለበትን አረጋግጡ።

7. በፍጹም የማታደርጉት

በይፋ ያልወጣ ስም፣ ፊት፣ መንደር አትለጥፉ። ጸልዩላት ብላችሁ የለጠፋችሁት ፎቶ ሊጎዷት በሚፈልጉ ሰዎች እጅ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው የዱባይ ጓደኛዬን ስም ያልጻፍኩት። ይሄ ለራሳችንም ነው። በታኅሣሥ 2011 ጅዳ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ታስረዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሳዑዲ ያላችሁ እህቶች፣ የጸሎት ኅብረታችሁን ላይቭ አታስገቡ። እናቴ በደርግ ጊዜ «ቡና ጠጡ» እየተባለ አምስትና ስድስት ሆነው ይጸልዩ እንደነበር ትነግረናለች፤ ጀበናው ሁልጊዜ እሳት ላይ ነበር፣ መዝሙሩም በሹክሹክታ። ያን ጥንቃቄ የወረሳችሁ ልጆች ናችሁ።

ሌላው፣ ከጸሎት ስትነሱ ጎረቤታችሁን ሙስሊም በሌላ ዓይን የምታዩ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ጃራንዋላ ላይ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው የደበቁ ሙስሊሞች ነበሩ። ታሲርም፣ የአሲያ ጠበቃም ሙስሊሞች ናቸው።

8. ቤተ ክርስቲያናችሁን አስገቡ

በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሁዶች ለሚሰደዱ ክርስቲያኖች ዓለም አቀፍ የጸሎት ቀን ሆነው ይታሰባሉ፤ በኛ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። መስከረም ላይ አስተዳዳሪያችሁን ወይም መጋቢያችሁን አናግሩ፣ በዋዜማው አይደለም። አንድ ሰዓት አትጠይቁ፤ አሥር ደቂቃ ጠይቁ። ሦስቱን ደቂቃ አንድ ታሪክ ተናገሩ፣ የአካሽን ለምሳሌ። ሁለቱን ደቂቃ ሦስት የጸሎት ርዕስ ስጡ፣ ከሦስት አይብለጥ። አራቱን ደቂቃ ሰዉ ሁለት ሁለት ሆኖ ድምፁን አውጥቶ ይጸልይ። በቀረችው ደቂቃ በር ላይ የሚያገለግሉትን ወጣቶች ወደ ፊት ጥሯቸውና እጅ ጭናችሁ ለእነሱም ለዮሐናባድ ልጆችም አብራችሁ ጸልዩ።